በሐይቅ ከተማ ለጡረተኞች መኖሪያ ስለምናቀርበው የጋራ ሐሳብ፦ የዕቅድ ውይይት፣ ደሴ

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
የተከበራችሁ አባላት፣ ከደሴ ብርድ ወርደው በሐይቅ ከተማ መኖር ለሚሹ ጡረተኞች ቦታ እንዲፈቀድ ለወረዳው የምናቀርበው ሐሳብ በረቂቅ ደረጃ ተዘጋጅቷል። የመጀመሪያው ክፍል ስለ አካባቢው መልክዓ ምድርና ታሪክ የሚያትት ቢሆንም፣ እንደተጻፈው ከሆነ ውበቱን ያወድሳል እንጂ የቦታውን ጠባይ አይናገርም። የምታውቁትን እንድትጨምሩበት፣ ቤቶቹ ከውኃው ዳር ይሠሩ የሚለውንም አንቀጽ እንድትመረምሩት በአክብሮት እጠይቃለሁ።

የቀድሞ የጂኦግራፊ መምህር፦
ረቂቁ መነሻው ውኃው ቢሆን ይሻላል። ሐይቁ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,900 ሜትር ጥቂት ከፍ ብሎ ይገኛል። ደሴ ግን ወደ 2,500 ሜትር ስለምትጠጋ፣ ጠዋት የጦሳ ተራራን ጉም ትቶ ቦሩ ሜዳን አልፎ የሚወርድ መንገደኛ ሐይቅ ከመድረሱ በፊት ጋቢውን አጥፎ ጭኑ ላይ ያስቀምጣል። የሐይቁ ስፋት 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ጥልቀቱ ከ80 ሜትር ያልፋል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ልብ ልንለው የሚገባው ግን ሐይቁ ገባር እንጂ መውጫ ወንዝ የሌለው መሆኑ ነው። ከፍ ብሎ ከሚገኘው ከሐርድቦ ሐይቅ አቅጣጫ የሚወርደው ወንዝና የዙሪያው ተራሮች ጎርፍ ይገቡበታል፤ የሚወስደው ወንዝ ስለሌለ ግን ከመጸዳጃ ቤት፣ ከልብስ ማጠቢያና ከማሳ የሚገባ ቆሻሻ ብዙው እዚያው ይቀራል። በ1970 ዓ.ም. ገደማ የተለቀቀው ቆሮሶ የተባለ ዓሣ የብዙ አጥማጆች መተዳደሪያ ሆኗልና፣ ውኃው ቢበላሽ መጀመሪያ የሚጎዱት እነርሱ ናቸው። ስለዚህ የውኃ ዳሩ አንቀጽ ወጥቶ፣ ቤቶቹ ከሐይቁ በስተምዕራብ በአስፓልቱ መንገድ ላይ በምትገኘው ከተማ ውስጥ እንዲሆኑ አጥብቄ አሳስባለሁ። የሕዝብ ማመላለሻውም የሚገኘው እዚያ ነው።

የታሪክ ክፍሉን ያዘጋጁት አባል፦
መምህራችን የተናገሩትን ታሪኩም ይደግፈዋል። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የሚገኝበት ቦታ ቀድሞ ደሴት ነበር፤ ዛሬ ከየብስ ጋር ተያይዞ ባሕረ ገብ መሬት ሆኗል። አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ገዳሙን አደራጅተው ካስተማሯቸው መካከል አቡነ ተክለ ሃይማኖት ይገኙበታል። የገዳሙ አበምኔትም በቤተ መንግሥት ትልቅ ሥልጣን የነበረውን የዐቃቤ ሰዓትነት ማዕረግ ይዘው ቆይተዋል። የ1870ውን የቦሩ ሜዳ የሃይማኖት ጉባኤና ከሐይቅ ወደ ሰሜን ሲኬድ በሚገኘው በውጫሌ በ1881 የተፈረመውን ውል በአጭሩ መጥቀስ ይበቃል፤ ሐሳባችን የመኖሪያ ጥያቄ እንጂ የታሪክ ድርሳን አይደለምና።

የሴቶች ተወካይ፦
ጋሼ፣ ስለ ገዳሙ የጻፉት በጣም ደስ አሰኝቶኛል። ሆኖም ረቂቁ የገዳሙን ቅርበት የሁሉም ነዋሪ ጥቅም አድርጎ ማቅረቡ ልክ አይደለም፤ ወደ ገዳሙ ሴት አትገባምና። ሙስሊም አባሎቻችንም ብዙ ስለሆኑ፣ የምንጠይቀው ቦታ ለመስጊድም ለቤተ ክርስቲያንም በእግር የሚደረስበት ይሁን ተብሎ ይጻፍልን። ከዚህ ሌላ፣ በሌሊት የታመመ ሰው በምን ደሴ ይደርሳል የሚለው በረቂቁ አልተነካም። ጎረቤት መኪና እስኪለምን የሚጠበቅ ከሆነ የቦታው ሙቀት ብቻውን አያኖረንም።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
አስተያየታችሁን በምስጋና ተቀብያለሁ። የውኃ ዳሩ አንቀጽ ይሰረዛል፤ በምትኩ ቦታው በከተማዋ ውስጥ እንዲሆንና የፍሳሽ ማጠራቀሚያው ቤቶቹ ከመሠራታቸው በፊት እንዲገነባ የሚጠይቅ አንቀጽ ይገባል። የገዳሙ ታሪክ እንዳለ ይቆያል፤ የአምልኮ ቦታ ጉዳይ ግን እትዬ ባሉት መሠረት ይስተካከላል። ስለ ሌሊት ሕክምና የሚቀርበውን ጥያቄ እትዬና መምህራችን አብረው ቢያረቁልን፣ ከሚቀጥለው ስብሰባ በፊት ለሁላችሁም እበትነዋለሁ።