የኢንተርላይን ኢንቮይስን ከወረቀት ወደ ሲስ ለማዞር ከየት ልጀምር?

ቤቲ፣ አዲስ አበባ
ሰላም ለሁላችሁ። የምሠራው በአንድ ትንሽ አየር መንገድ የገቢ ሂሳብ ክፍል ውስጥ ነው። ከሌሎች አየር መንገዶች ጋር (ኢንተርላይን የሚባለውን ሂሳብ) እስካሁን የምንተሳሰበው በወረቀት ነው። ኢንቮይሱ ይታተማል፣ ይፈረማል፣ ማኅተም ይደረግበታል፣ ኮፒ ተያይዞ ይላካል፣ ክፍያው ደግሞ በባንክ ይመጣል። በቅርቡ አንድ ሸሪካችን «ማስረጃው አልደረሰንም» ብሎ ሙሉ ኢንቮይስ መለሰብን፤ የላክንበት ደረሰኝ በእጃችን አለ፣ ግን ማን ይፈርዳል? አሁን አለቃዬ ሲስ ወደሚባለው የአያታ (የዓለም አቀፉ የአየር መንገዶች ማኅበር) የኤሌክትሮኒክ ሥርዓት እንግባ ብሏል። ሶፍትዌር መግዛት የግድ ነው? ማስረጃው እንዴት ይላካል? ማኅተም የሌለው ኢንቮይስስ ኦዲት ላይ ችግር አያመጣም? እባካችሁ የሠራችሁበት ካላችሁ ንገሩኝ።

ናሆም፣ ዱባይ
ሰላም ቤቲ። እኔ የካርጎ ኢንተርላይን ሂሳብ ላይ ነኝ። አለቃችሁ ጥሩ አስቧል። ሰው ሁሉ ሲስ ሲባል ቶሎ የሚታየው መላኩ ነው፤ አንቺ ግን ከመቀበሉ ጀምሪ። ለምን መሰለሽ፣ ሲስ ኢንቮይሱን ያመላልሳል እንጂ ገንዘቡን የሚያቻችለው የአያታ ክሊሪንግ ሃውስ ነው። ከ1947 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ተቋም ነው። እናንተ ከአንዱ 40 ሺህ ዶላር ብትጠይቁ፣ ሌላው ደግሞ እናንተን 55 ሺህ ቢጠይቅ፣ ከእናንተ የሚወጣው 15 ሺህ ብቻ ነው። ይሄ ትልቅ እፎይታ ነው፣ በተለይ ዶላር ለሚቸግረው አገር።

ነገር ግን ሌላው ወገን ኢንቮይስ ሲያስገባባችሁ እናንተ «እሺ» እስክትሉ የሚጠብቅ የለም። የሂሳብ ጊዜው ሲዘጋ ማቻቻያው ውስጥ ይገባል። ቅር ካላችሁ መጀመሪያ ይከፈላል፣ ከዚያ ሪጀክሽን ሜሞ (የመቃወሚያ ሰነድ) ጽፋችሁ ታስመልሳላችሁ። እስካሁን በባንክ ስትከፍሉ መርምራችሁ ነበር የምትከፍሉት፤ ይሄ ልማድ ተገልብጦ ነው የሚመጣው። በወር አራት መዝጊያ አለ። በየመዝጊያው የገባውን የሚከፍትና የሚመረምር ሰው ሳትመድቡ እንዳትገቡ። የመዝጊያ ቀኖቹን አትማችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉ።

ያሬድ
የአየር መንገድ ሲስተም ላይ ነው የምሠራው። ሶፍትዌር የግድ አይደለም። አይኤስ-ዌብ የሚባል ድረ ገጽ አላቸው፣ ገብተሽ ኢንቮይሱን በእጅ መሙላት ትችያለሽ። ብዛት ሲኖር ነው በፋይል የሚላከው፦ ወይ አይኤስ-ኤክስኤምኤል ነው፣ ወይ አይኤስ-አይዴክ። አይዴኩ እያንዳንዱ ቁጥር የተመደበለት ቦታ ያለው የጽሑፍ ፋይል ስለሆነ አንድ ባዶ ቦታ ከተዛነፈ መስመሩ ሁሉ ይበላሻል። አዲስ ለሚጀምር ኤክስኤምኤሉ ይሻላል እላለሁ። ፋይል የምትመርጡ ከሆነ መጀመሪያ በመሞከሪያው ሥርዓት ፈተና ታልፋላችሁ።

ምንዛሬውን ደግሞ ከባንክ እንዳትወስዱ። አያታ በየወሩ የሚያወጣው የአምስት ቀን አማካይ ተመን አለ፣ የሚሠራው በእሱ ነው። የመስመሮቹ ድምርና የኢንቮይሱ ድምር ካልገጠመ ኢንቮይሱ ሸሪካችሁ ጋ ሳይደርስ እዚያው ሲስ ላይ ይያዛል። እኔ ይሄን በጣም ነው የምወድለት፤ በወረቀት ጊዜ ስህተቱ የሚታወቀው ከስንት ወር በኋላ ነበር።

ቤቲ፣ አዲስ አበባ
እግዜር ይስጥልኝ ሁለታችሁም። የእኛ አብዛኛው ሂሳብ የግራውንድ ሃንድሊንግ (ኤርፖርት ላይ ለአውሮፕላን የሚሰጥ አገልግሎት) እና የመለዋወጫ ውሰት ነው። የመንገደኛ ኩፖን (የቲኬቱ የአንድ በረራ ክፍል) አለን፣ ግን ጥቂት ነው። እሱስ ኮፒው እንዴት ይሄዳል?

ሀና፣ ፍራንክፈርት
ቤቲዬ፣ የኢ-ቲኬት ኩፖን መጀመሪያ ስትጠይቂ ኮፒ አያስፈልገውም። አንድ መንገደኛ በኢትዮጵያ አየር መንገድ ቲኬት ከአዲስ ፍራንክፈርት መጣ፣ ከፍራንክፈርት ሃምቡርግ ደግሞ በሉፍታንዛ ሄደ እንበል። ቲኬቱ በኢትዮጵያ አየር መንገድ መለያ በ071 ስለሚጀምር ሉፍታንዛ የሚጠይቀው ኢትዮጵያን ነው። መንገደኛው ሲበር ኩፖኑ «ፍሎውን» (የተበረረበት) ይሆንና ከቲኬቱ ባለቤት ሲስተም የክፍያ ፈቃድ ኮድ ይመጣል፣ ኢሳክ ይሉታል። ያ ኮድ ነው ማስረጃሽ። ከኩፖኑ ጋር አብሮ ይሞላል። ስለዚህ ከኤርፖርት ሲስተማችሁ ኮዱ ወደ ሂሳብ ክፍል መድረሱን ዛሬውኑ አረጋግጪ፣ ብዙ ቦታ የሚቆረጠው እዚያ ጋ ነው።

ለሃንድሊንጉ ግን ማስረጃ ያስፈልጋል። የተፈረመውን የአገልግሎት ፎርም ስካን አድርገሽ ከኢንቮይሱ ቁጥር ጋር ታያይዣለሽ። ኢንቮይሱ ላይ አባሪ አለ ወይም የለም የሚል ምልክት አለ። «አለ» ብለሽ ፋይሉን ካላስገባሽ ያ ሸሪካችሁ አሁንም ይመልስብሻል። ካስገባሽ ግን መግባቱ ስለሚመዘገብ «አልደረሰንም» የሚባል ነገር የለም።

ጋሽ መኮንን
ልጄ፣ ስለ ማኅተሙ እኔ ልመልስልሽ፣ ዕድሜዬን በኦዲት ነው ያሳለፍኩት። ሲስ ኢንቮይሱ ላይ ዲጂታል ፊርማ ሊያሳርፍና ማኅደሩን ሊያስቀምጥላችሁ ይችላል፤ ስትመዘገቡ ምርጫውን ጠይቁ። በአገራችንም የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 እና የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 አሉ። እነሱን ይዛችሁ የግብር መሥሪያ ቤቱን አስቀድማችሁ በጽሑፍ ጠይቁ፣ መልሱንም ፋይል አድርጉ። በቃል የተነገረ ነገር ኦዲት ላይ አይረዳም። ለጊዜው ወረቀቱንም ጎን ለጎን ብትቀጥሉ አይከፋም።

ያሬድ
ጋሽ መኮንን፣ በዚህች እንኳ አልስማማም፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ወረቀቱም ኤሌክትሮኒኩም ከተላከ አንዱ ኩፖን ሁለቴ ይጠየቃል፤ ከዚያ ማን የቱን እንደከፈለ ለማጥራት መከራ ነው።

ጋሽ መኮንን
እውነትህን ነው። እኔ ለራሳቸው መዝገብ አትመው ያስቀምጡ ማለቴ ነው እንጂ ይላኩ አላልኩም።

ቤቲ፣ አዲስ አበባ
ጋሼ፣ በጣም አመሰግናለሁ፣ ደብዳቤውን ነገውኑ አዘጋጃለሁ። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ፦ ክሊሪንግ ሃውስ ውስጥ የሌለ ሸሪክ ቢኖረንስ?

ያሬድ
እሱም ሲስ ላይ ከተመዘገበ ኢንቮይሱን በሲስ ትልኪለታለሽ፣ ክፍያው ግን እንደ ድሮው በባንክ ይሆናል። ኢንቮይሱ ላይ የአከፋፈል ምልክት አለ፦ «አይ» የአያታ ክሊሪንግ ሃውስ ነው፣ «ኤ» የአሜሪካኖቹ፣ «ቢ» ሁለታችሁ በቀጥታ የምትከፋፈሉት። ሲስ ላይም ከሌለ በወረቀት ትቀጥያለሽ። የሸሪኮቻችሁን ስም ዘርዝረሽ ማን የት እንዳለ ከአሁኑ አጣሪ፣ ምዝገባው ላይ ያንኑ ነው የምትፈልጊው።