የዕቅድ ውይይት፦ ከኮልሞው ስር የሚገቡብንን ነፍሳት በጋራ ስለ መከላከል

ጸሐፊ፦
ባለፈው ስብሰባ በተባባልነው መሠረት የጋራ ሐሳቡን እዚህ እንቅረጽ። የሁላችንም ጣሪያ ቆርቆሮ ነው፣ ኮልሞውም (የጣሪያው ሁለት ጎን ከላይ የሚገናኙበትን ጫፍ የሚሸፍነው ቆርቆሮ) አንድ ዓይነት ነው። ከኮልሞው ስር ያለው ክፍተት በስህተት የመጣ አይደለም፤ ኮርኒስ ውስጥ የሚጠራቀመው ትኩስ አየር እንዲወጣበት የተተወ ነው። ግን ተርብም፣ ዝንብም፣ ድንቢጥም በር አድርገውታል። ለጊዜው ረቂቁ አንድ መስመር ነው፦ «የሁሉም ቤቶች የኮልሞ ስር ክፍተት በፎም ይደፈን።» አስተያየት ስጡበት።

ቤት ቁጥር 9፦
እኔ አልስማማም። አድርጌው አይቼዋለሁ። ባለሙያ ነኝ ያለ ሰው ያንን የሚያብጥ ፎም ከጫፍ እስከ ጫፍ ነፋልኝ። ተርቡ ጠፋ፣ ተገላገልኩ አልኩ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ጠዋት ጠዋት ኮርኒሱ ላይ ጠብ ጠብ የሚል ድምፅ መጣ። ዝናብ የሚባል ነገር የለም። ቆርቆሮው አፈሰሰ ብዬ ሰው አስወጣሁ፣ አንድም ቀዳዳ አልተገኘም። በመጨረሻ ራሴ ባትሪ ይዤ ወጣሁ። የቆርቆሮው ሆድ እንደ ድስት ክዳን ውሃ አንጠልጥሏል። የምስማሮቹ ጫፍ ሁሉ አንድ አንድ ጠብታ ይዟል።

ቤት ቁጥር 4፦
ልጄ፣ ያየሽው ላብ ነው። ጥርት ባለ ሌሊት ቆርቆሮ ከአየሩም በላይ ይቀዘቅዛል። ከቤት ወደ ላይ የሚወጣው እርጥበት መውጫ ሲያጣ እዚያው ውሃ ይሆናል። እንጨቱን ያበሰብሳል፣ ምስማሩን ያዝጋል። ፎሙ ደግሞ ፀሐይ የሚያገኘው ቦታ ላይ ይፈረካከሳል፤ ያኔ ተርቡም ተመልሶ ይመጣል። ሁለቱንም ኪሳራ አንድ ላይ ማለት ነው።

ሰብሳቢ፦
ስለዚህ «ይደፈን» የሚለው ቃል ራሱ ይውጣ። እንዲህ ቢሆንስ፦ «ክፍተቱ አየር በሚያሳልፍ ወንፊት ሽቦ ይከለል።»

ቤት ቁጥር 11፦
እስማማለሁ። ግን ከተከለለ አይቀር በቢምቢ ወንፊት ይሁን። ምንም አያሳልፍም፣ ነገሩ እዚያው ያልቃል።

ቤት ቁጥር 4፦
አዲስ ሲሆን ልክ ነህ። አቧራው፣ የሸረሪት ድሩ፣ የሞተው ዝንብ ሲለጠፍበትስ? ቀዳዳው ጠባብ ስለሆነ ቶሎ ይደፈናል። ከዚያ የቤት ቁጥር 9 ታሪክ ይደገማል፣ ቀስ ብሎ ብቻ። የመስኮት ወንፊት በእጅህ ታጥበዋለህ። ኮልሞ ስር ያለውን ማን በየጊዜው ወጥቶ ይቦርሻል? እኔ በዚህ ዕድሜዬ አልወጣም።

3 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ያለው ይበቃናል። ተርብና ንብ አያልፉትም። አይጥ 6 ሚሊ ሜትር አካባቢ በሆነ ቀዳዳ ሊሾልክ ይችላል፤ 3 ከሆነ እሱም አበቃለት። ትንኝና ጉንዳን ያልፋሉ፣ አልዋሽም። ጉንዳንን የሚያቆመው ወንፊት ሳይሆን ጣሪያ ላይ የተኛውን የዛፍ ቅርንጫፍ መቁረጥ ነው።

ቤት ቁጥር 11፦
ጋሼ ረቱኝ። 3 ሚሊ ይሁን።

ቤት ቁጥር 6፦
ወንፊቱ ራሱ አየር ይቀንስ የለም እንዴ? ትንሽ ሒሳብ ሠራሁ። የተለመደው ስሌት፣ አየር ከታችም ከላይም ሲኖረው፣ ከኮርኒሱ ስፋት 300ኛው እጅ ለአየር ክፍት ይሁን ይላል። ግማሹ ከታች በክፈፉ (ከግድግዳው አልፎ በሚወጣው የጣሪያ ጠርዝ) በኩል፣ ግማሹ ከላይ። ኮርኒሱ 60 ካሬ ሜትር ከሆነ ጠቅላላው 2000 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው፤ ለኮልሞው 1000 ይደርሰዋል። ኮልሞው 10 ሜትር ቢረዝም በእያንዳንዱ ሜትር 100 ማለት ነው። የ3 ሚሊ ወንፊት ሽቦው ከቦታው አንድ ሦስተኛ ያህሉን ይይዛል። ስለዚህ ክፍተቱ በሜትር 150 ካሬ ሴንቲ ሜትር መሆን አለበት። ለሁለቱ ጎን ሲካፈል በየጎኑ 7.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ስፋት ነው። እኔ ቤት ለክቼ ከዚያ በላይ አግኝቻለሁ። ሌሎቻችሁም ከሥራው በፊት ለኩ።

ቤት ቁጥር 4፦
ጎበዝ። ከታች የሚገባው ከሌለ ከላይ የሚወጣ እንደሌለም አትርሱ። ክፈፉ ስር ያለውን ቀዳዳ ቀለም የቀባበት፣ ዕቃ የደገፈበት ካለ ይክፈት። እዚያም ያው ወንፊት ይግባ።

አሁን ሁሉም ሰው የሚሳሳትበትን ልናገር። ወንፊቱን ጠፍጣፋ አድርጋችሁ ብትዘረጉት የቆርቆሮውን ከፍታ ከፍታ ነክቶ ይቀራል። ዝቅ ያለው ቦታ ሁሉ ክፍት ነው። ተርብ የሚገባው በዚያ ነው፣ በወንፊቱ ላይማ አይጨነቅም! ወንፊቱ ሰፋ ተደርጎ ይቆረጥና በየዝቅታው በጣት እየተጫነ የቆርቆሮውን ሞገድ ይከተል። ያ ካቃተ የቆርቆሮውን ቅርጽ ይዞ የሚመጣ፣ አየር የሚያሳልፍ ስፖንጅ አለ። ድፍኑን ግን አትግዙ፤ ሁለቱ ከሩቅ ይመሳሰላሉ። እፍ በሉበት፣ ትንፋሻችሁ በሌላው በኩል ካልወጣ ድፍኑ ነው።

ጸሐፊ፦
የወንፊቱ ዓይነትስ? ረቂቁ ላይ መግባት አለበት።

ቤት ቁጥር 4፦
የኛ ቆርቆሮ ዚንክ የተቀባ ነው፣ ወንፊቱም ዚንክ የተቀባ ይሁን። መዳብ በፍጹም። መዳብ በእርጥበት ዚንኩን ይበላዋል። ብሎኑ ጎማ ያለው ይሁን፤ ጎማው ትንሽ ጠፍጠፍ ሲል ይብቃችሁ። ከዚያ በላይ ካጠበቃችሁት ይሰነጠቅና ያኔ እውነተኛ ማፍሰስ ይመጣል። የድሪሉም ብናኝ ዕለቱኑ ይጠረግ፣ ካደረ ቆርቆሮው ላይ ዝገት ነው።

ቤት ቁጥር 2፦
ይቅርታ፣ ዘግይቼ ገባሁ። እኔ ቤት ያለው ተርብ አይደለም። ሲመሻሽ ከኮልሞው ጫፍ የሌሊት ወፎች አንድ በአንድ ይወጣሉ። ትናንት ቆሜ ቆጠርኩ፣ 23 ደርሼ አይኔ ደከመ። አሁን ዝም ብለን ብንከልል ምን ይሆናሉ?

ቤት ቁጥር 9፦
ውስጥ ያሉት ይሞታሉ፣ ሽታውን አስቢው። በተለይ መብረር ያልጀመሩ ግልገሎች ካሉ መጠበቅ ግድ ነው። ከዚያ በኋላ ሌላው ሁሉ ይከለልና በሚወጡበት ቦታ መረብ ከላይ ብቻ ተይዞ ከታች ልቅ ሆኖ ይንጠለጠላል። ተንሸራተው ይወጣሉ፣ ተመልሰው መግቢያውን አያገኙትም። ጥቂት ሌሊት አይተሽ ማንም ሳይወጣ ሲቀር ይዘጋል። ኩሱን ደግሞ ደረቁን እንዳትጠርጊው፣ አቧራው ለሳንባ መጥፎ ነው። ጭንብል አድርጊና አርጥበሽ አንሺው።

ሰብሳቢ፦
ንብ የገባበት ቤትም ካለ ያሳውቅ። ንቡ እዚያው ቢገደል ማሩና ሰሙ ይቀራል፤ በሙቀት ቀልጦ ኮርኒሱ ላይ ይወርዳል፣ ጉንዳኑንም ይጠራል። ንብ አናቢ ከነሰፈፉ ያውጣው።

ጸሐፊ፦
እስካሁን የተባለውን እንዲህ ቀርጬዋለሁ፦

«ማኅበሩ የሁሉንም ቤቶች የኮልሞ ስር ክፍተት 3 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ባለውና ዚንክ በተቀባ ወንፊት ሽቦ ያስከልላል። ወንፊቱ የቆርቆሮውን ሞገድ ይከተላል። ማንኛውም ዓይነት ፎም ለመድፈኛ አይውልም። ከሥራው በፊት የክፍተቱ ስፋት ይለካል፣ በክፈፉ ስር ያለው የአየር መግቢያም ይጣራል። የሌሊት ወፍ ወይም ንብ ያለበት ቤት፣ እንስሳቱ እስኪወጡ ድረስ ወደ መጨረሻው ተራ ይተላለፋል።»

ቤት ቁጥር 11፦
አንድ ነገር ይጨመርልኝ። ሥራው ካለቀ በኋላ በቀትር ኮርኒስ ውስጥ መብራት አጥፍተን እንይ። በወንፊቱ የሚያልፍ ብርሃን ነጠብጣብ ሆኖ ይታያል። ድፍን ብሎ የሚያበራ ቦታ ካለ እሱ ያመለጠን ቀዳዳ ነው። ሠራተኛው ሒሳቡን የሚቀበለው ከዚያ በኋላ ይሁን።

ሰብሳቢ፦
ይጨመር። ተቃውሞ ያለው እስከ ነገ ማታ ይጻፍ።

ቤት ቁጥር 9፦
የኔ ቤት ቀድሞ ይጀመር ባይ ነኝ። ያንን ፎም ፍቆ ማውጣት ብቻውን የአንድ ቀን ሥራ ነው።