ለፊኒሺንግ ዕቃ ሱቅ ሲስተም ይቅደም ወይስ ቲክቶክ?

የቱሉ ዲምቱ ልጅ፦

ሰላም ቤቶች። ምክር ፈልጌ ነው፣ ትንሽ ስለሚረዝም ታገሱኝ።

የምሰራው አጎቴ ሱቅ ውስጥ ነው፤ ቱሉ ዲምቱ፣ ከአደባባዩ ወረድ ብሎ። ሴራሚክ፣ የቧንቧ ዕቃ፣ ቀለም፣ የመብራት ገመድ፣ ብቻ ኮንዶሚኒየም የደረሰው ሰው ቤቱን ለመጨረስ የሚፈልገውን ሁሉ እንሸጣለን። ወደ ኮዬ የሚገባው ሰው ብዙ ስለሆነ ገበያው አለ። ችግሩ ሱቁም እንደ አሸን ፈልቷል፣ ሁላችንም አንድ ዓይነት ዕቃ ነው የደረደርነው።

ሰሞኑን አንድ ድርጅት መጥቶ ትልቅ ሲስተም ልሽጥላችሁ አለን። ስቶክ አለው፣ ሂሳብ አለው፣ ደመወዝ፣ የሰው ኃይል፣ ምን የሌለው አለ። ክፍያው በየወሩ፣ በዶላር ተሰልቶ። የአጎቴ ልጅ ደግሞ «ይሄን ብር ቲክቶክ ላይ አውሉት» ትላለች። አጎቴ ሁለቱንም ሰምተው «እኔ ይሄን ሱቅ ያቆምኩት በደብተር ነው» አሉና ዝም። ደብተሩን ብታዩት ግን! ዱቤው ሁሉ እዚያ ላይ ነው፣ አንዱ ገጽ ላይ ባለዕዳው «ረጅሙ ግንበኛ» ተብሎ ነው የተጻፈው። ስም የለ፣ ስልክ የለ።

ኮሌጅ እያለሁ የኢንፎርሜሽን ሲስተም ከቢዝነስ ስትራቴጂ ጋር መጣጣም አለበት ተብለን ተምረናል፣ ፈተና ላይም ጽፌዋለሁ። ሱቅ ውስጥ ግን ምን ማለት እንደሆነ ሊገባኝ አልቻለም። የቱን ላስቀድም?

የለቡው፦

ወንድሜ፣ ሶፍትዌሩን ለጊዜው ተወውና አንድ ነገር ልጠይቅህ። መርካቶ እያለ ሰው ለምን ከናንተ ይገዛል?

በዋጋ መርካቶን አታሸንፉም፣ አትድከሙ። የቢዝነስ ስትራቴጂ ምሁሩ ማይክል ፖርተር እ.ኤ.አ. በ1980 ያስቀመጠው ነገር ዛሬም ይሰራል። ወይ ከሁሉም በረከሰ ዋጋ ትሸጣለህ፣ ወይ ሌላው የሌለው ነገር ይኖርሃል፣ ወይ ደግሞ ጠበብ ያለ ገበያ ይዘህ እሱን በደንብ ታገለግላለህ። የናንተ ሦስተኛው ነው። ቧንቧ ሰራተኛው ጠዋት ሥራ ጀምሮ የ25 ፒፒአር ኤልቦ (የፕላስቲክ ቧንቧ መታጠፊያ) ቢጎድለው ለእሷ ብሎ መርካቶ አይወርድም። እሱ በቆመ ቁጥር የቀን ክፍያው በቤቱ ባለቤት ላይ ይቆጥራል። ስለዚህ ደንበኛህ የሚገዛው ኤልቦዋን ብቻ ሳይሆን አሁኑኑ መገኘቷን ነው። ሲስተምህ መጀመሪያ ሊመልስልህ የሚገባው መደርደሪያው ላይ ምን እንዳለና ምን ሊያልቅ እንደሆነ ነው። የሰው ኃይል ምናምን ለናንተ ምን ያደርጋል? ሰራተኞቻችሁን በስማቸው ታውቋቸዋላችሁ።

የስፔኑን የልብስ ድርጅት ዛራን እይ። እ.ኤ.አ. እስከ 2000ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ሱቆቹ ውስጥ የነበረው የሽያጭ ማሽን በዶስ (ከዊንዶውስ በፊት በነበረው የኮምፒውተር ሲስተም) የሚሰራ፣ ያኔም ያረጀ ነበር። ግን የየሱቁ ሥራ አስኪያጅ በሳምንት ሁለት ጊዜ ዕቃ ያዝዝ ነበር፣ ደንበኛ ምን ጠይቆ እንዳጣም ለዋናው መሥሪያ ቤት ይነግራል። አዲስ ልብስ በሳምንታት ውስጥ ሱቅ ይደርሳል። ስልታቸው ፍጥነት ነው፣ ማሽኑም ለዚያ በቃ። በተቃራኒው የአሜሪካው ቸኮሌት አምራች ሄርሺ እ.ኤ.አ. በ1999 ውድ የሚባለውን ሲስተም አስገብቶ፣ ያውም ዋናው የገበያ ወቅቱ ሊደርስ ሲል፣ ቸኮሌቱ መጋዘን ተቀምጦ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሆነ ትዕዛዝ ሳይልክ ቀረ። ውድ ስለሆነ ብቻ አይሆንም።

ሂሳብ ሰራተኛዋ፦

የለቡው ጥሩ ብሏል፣ ግን ዱቤውን ዘለለው። እኔ ብሆን ከስቶክ በፊት «ረጅሙ ግንበኛ»ን ነው የምፈልገው 😂

የምሬን ነው። ግንበኛና ቧንቧ ሰራተኛ ናቸው ባለቤቱን እጁን ይዘው ሱቅ የሚያመጡት። ለነሱ ዱቤ የምትሰጡት ደግ ስለሆናችሁ ብቻ አይደለም፣ ከጎናችሁ ካለው ሱቅ የሚለያችሁ እሱ ነው። ታዲያ የትኛው ባለሙያ ስንት ደንበኛ እንዳመጣ፣ የትኛው በሰዓቱ እንደሚከፍል፣ የትኛው ስልኩን እንደሚያጠፋ ካላወቃችሁ ለማን ትጨምራላችሁ፣ ለማን ትከለክላላችሁ? ይሄ አጎትህ ጭንቅላት ውስጥ አለ፣ ያንን ማንም ድርጅት ሊሸጥላችሁ አይችልም። እሳቸው ታመው ቢተኙ ግን ሱቁ ዕውር ነው የሚሆነው። አጠገባቸው ተቀመጥና ስም፣ ስልክ፣ ቀን እያስባልክ ኤክሴል ላይ ገልብጠው። ክፍያውንም በቴሌብር ወይም በባንክ አድርጉት፣ ቀኑና መጠኑ ራሱ ይመዘገባል። ለግብሩ ደግሞ ፒችትሪ (የሂሳብ ሶፍትዌሩን) የምትችል የሂሳብ ሰራተኛ በትርፍ ሰዓቷ ታሰራላችሁ።

የዶላሩን ነገር ግን ተጠንቀቁ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ጀምሮ ምንዛሬው በገበያ ነው የሚወሰነው። ገቢያችሁ በብር ሆኖ ወጪያችሁ በዶላር ከታሰረ በየወሩ ምን እንደምትከፍሉ አታውቁም።

አያት ሴራሚክ፦

እኔም በዚሁ ሥራ ላይ ነኝ፣ ስለ ሶሻል ሚዲያው ልናገር።

መጀመሪያ ይሄ «ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚባል ነገር ይቅርባችሁ። እናንተ ልትሸጡ የምትፈልጉት ለቸኮለ ሰው ነው፣ የቸኮለ ሰው ኢንቦክስ ገብቶ «ሰላም፣ እንዴት ናችሁ» እያለ አይለማመጥም፣ ቀጣዩን ሱቅ ነው የሚደውለው። ዋጋው ጠዋት ተለጥፎ ከሰዓት ቢቀየር ቀይሩት፣ ማንም አይቀየማችሁም። ቲክቶክ ሰው እንዲያውቃችሁ ያደርጋል፣ ግን ቪዲዮውን መቀሌ ያለ ሰው ቢወደው ለናንተ ምን ይጠቅማል? ለናንተ የሚሆነው ቴሌግራም ነው፣ የሰፈሩ ባለሙያ ሁሉ እዚያ ነው ያለው።

ሁለተኛ፣ ሴራሚክ ስትሸጥ የካርቶኑን ጎን ፎቶ አንሳና ለደንበኛው በቴሌግራም ላክለት። እዚያ ላይ የምርቱና የቀለሙ ቁጥር ታትሟል። አንዱ ሳሎን አንጥፎ በር ጋ ሁለት ሜትር ካሬ ሲጎድልበት ተመልሶ ይመጣል፣ ስሙ ያው፣ ዲዛይኑ ያው፣ ቀለሙ ግን አንድ ደረጃ ይፈዛል። ከተነጠፈ በኋላ ነው ደግሞ የሚታየው። ቁጥሩ ካለህ ከየትኛው ካርቶን እንደምትሰጠው ታውቃለህ፣ ከሌለህም ቶሎ ትነግረዋለህ። በነጻ ነው የምልህ፣ ለዚህ ሲስተም አያስፈልግም፣ ስልክ ይበቃል።

ግን ሁሉን ነገር ቴሌግራም ላይ አታንጠልጥሉ። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ቴሌግራምም ቲክቶክም ያለ ቪፒኤን እንደማይከፈት ረሳችሁት? የደንበኛ ስልክ ቁጥር ሌላ ቦታ ይኑራችሁ፣ አጭር መልእክት ያለ ኢንተርኔትም ይደርሳል።

የለቡው፦

አያት ያለው ላይ አንድ ልጨምር። «አለ?» ብሎ ጽፎ «የለም» የተባለውን ሰው ሁሉ መዝግቡ። የተሸጠውን ደረሰኙ ይነግርሃል፣ ያልተሸጠውን ግን ይሄ ዝርዝር ብቻ ነው የሚነግርህ። በሚቀጥለው መርካቶ ስትወርዱ ዝርዝሩን ይዛችሁ ሂዱ።

የቱሉ ዲምቱ ልጅ፦

በጣም አመሰግናለሁ፣ ዛሬ ማታ ከአጎቴ ጋር ደብተሩን እንጀምራለን (ከተስማሙ!)። ድርጅቱን ለጊዜው ይቆይ እለዋለሁ። ቴሌግራሙን የአጎቴ ልጅ ትያዘው ብያለሁ፣ ራሷ ከፍታልን የተወሰነ ሰውም ገብቷል። ችግር አለው?

ሂሳብ ሰራተኛዋ፦

እሷ መያዟ ጥሩ ነው፣ ግን በማን ስልክ ነው የተከፈተው? በሷ የግል ቁጥር ከሆነ ነገ አግብታ ውጭ ብትሄድ ቻናሉም አብሯት ይሄዳል። ለሱቁ አንድ ሲም አውጡ፣ ባለቤትነቱን ወደሱ አዛውሩት፣ እሷ አድሚን ትሁን። የይለፍ ቃሉን አጎትህም ይወቁት፣ ደብተራቸው ላይ ግን እንዳይጽፉት 😂