ልጄ ሶፍትዌር መማር ትፈልጋለች፣ አባቷ ግን ፋርማሲ ይላል

ጥያቄ (እናት፣ ደሴ)፦ ልጄ 11ኛ ክፍል ናት፤ ሒሳብ ነፍሷ ነው። ሶፍትዌር ምህንድስና ስትል አባቷ «የወንድ ሥራ ነው» አላት። ቤታችን ኮምፒውተር የለም። በምን ላግዛት?

መልስ (የኮምፒውተር መምህርት፣ ባሕር ዳር)፦ እህቴ፣ ይህ «የወንድ ሥራ» የሚሉት ነገር እጅግ ያናድደኛል! ከሐረር የተነሣችው የቴክኖሎጂ ባለሙያ ቤተልሔም ደሴ የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፍ የጀመረችው በልጅነቷ ነው። በክፍሌ ኮምፒውተሩን ወንዶቹ ይይዛሉ፣ ሴቶቹ ከኋላ ቆመው ያያሉ፤ ስለዚህ መጀመሪያ የማስቀምጠው ሴቶቹን ነው። ለጊዜው ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ በስልክ ትለማመድ። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች (ፕሮግራም ጸሐፊዎች) ሥልጠናም ነፃ ነው፤ ምዝገባው ክፍት ከሆነ ዛሬውኑ አስመዝግቢያት።

መልስ (አባት፣ አዳማ)፦ ወንድሜ የፈራው ሥራ እንዳታጣ ይሆናል። የእኔ ልጅ የባንክ መተግበሪያ ትሠራለች፤ ደመወዟ ከእኔ ይበልጣል። ይህን ንገሪው።

ጠያቂዋ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ማታ አነብለታለሁ። መምህርት፣ እንግሊዝኛዋ ደከም ያለ ነው፤ ያስቸግራት ይሆን?