ሥጋና ቲማቲም ያለ ፌስታል በምን ልያዝ?

የአራት ኪሎዋ፦ ሰላም ናችሁ? በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው አዋጅ ፌስታል ይዞ መገኘትን ከ2,000 እስከ 5,000 ብር ያስቀጣል። እኔ ከልቤ ደግፌዋለሁ። ለሽንኩርትና ለድንች ዘንቢል አለኝ። ያስቸገረኝ ሥጋና የበሰለ ቲማቲም ነው። የምገዛው ደግሞ ከሥራ ስወጣ ነው። እናንተ በምን ትይዛላችሁ?

የፒያሳ ልጅ፦ ለሥጋ ክዳኑ ግጥም የሚል ሳህን ቦርሳሽ ውስጥ ይኑር። ሥጋ ቆራጩ መጀመሪያ ባዶውን ይመዝንና ይቀንስልሽ። ቲማቲሙን ከላይ አድርጊው፤ ድንች ከተጫነው አለቀለት።

የካዛንቺሷ፦ የውሃውን ፕላስቲክም አትርሱ። እኔ አለቅልቄ ለብቻው አጠራቅምና ለቆራሌው እሰጠዋለሁ። ከቆሻሻ ጋር ከተቀላቀለ ዋጋ ያጣል። ከሁሉም የሚሻለው ግን ውሃ አፍልቶ በኮዳ መያዝ ነው።

የአራት ኪሎዋ፦ እግዜር ይስጥልኝ! እንጀራስ?

የካዛንቺሷ፦ በንጹህ ጨርቅ ጠቅልይው እህቴ። ትኩሱን ፌስታል ውስጥ ከከተትሽው ያልበዋል፣ ቶሎም ይሻግታል።