እማዬ የግፊት ኪኒኗን አቁማለች፣ ምን ላድርግ?

ጠያቂ፦ ሰላም እንዴት ናችሁ። እማዬ 61 አመቷ ነው፣ ግፊት ካለባት 4 አመት ሆናት፣ አምሎዲፒን የሚባለውን ባለ 10 ሚሊግራም ኪኒን ነው የምትወስደው። ትናንት ቦርሳዋን ሳስተካክል ኪኒኑ እንዳለ ተቀምጧል፣ ለካ ሶስት ሳምንት ሙሉ አልዋጠችውም! ስጠይቃት "ምንም አያመኝም እኮ፣ ደሞ እግሬን ያሳበጠኝ እሱ ነው" አለችኝ። እግሯ እውነትም አብጧል፣ ቁርጭምጭሚቷ ጋ በጣቴ ስጫነው ስርጉድ ብሎ ይቆያል። በቤት መለኪያ ስለካት አንዴ 168/98 አለ ከ10 ደቂቃ በኋላ 149/90፣ የቱን ልመን? ጨው ቀንሳ በእግር እየሄደች ያለ ኪኒን ይስተካከልላት ይሆን? በጣም ጨንቆኛል።

ነርሷ፦ አይዞሽ እህቴ። እናትሽ እውነታቸውን ነው፣ አምሎዲፒን በተለይ 10 ሲሆን እግር ያሳብጣል፣ ይሄንን ለሀኪማቸው ቢነግሩት መጠኑን ይቀንሳል ወይ በሌላ ይቀይርላቸዋል፣ በራስ ማቆም ግን አደጋ ነው። ግፊት አብዛኛውን ጊዜ ምንም ሳያሳምም ነው ልብና ኩላሊት የሚጎዳው። እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው፣ ካቆሙት ሶስት ሳምንት ከሆነ እብጠቱ እስካሁን መቀነስ ነበረበት፣ ስለዚህ ኩላሊትና ልባቸውም ይታይ። ቀጠሮ አትጠብቂ፣ በዚህ ሁለት ሶስት ቀን ውሰጃቸው።
ልኬቱን በተመለከተ፣ ሽንት ሸንተው፣ ቡና ከጠጡ ግማሽ ሰአት አልፎ፣ ወንበር ላይ ተደግፈው 5 ደቂቃ ዝም ብለው ይቀመጡ፣ እግር አይነባበርም፣ ክንዳቸው ጠረጴዛ ላይ በልብ ትክክል ይሁን፣ በልብስ ላይ አትለኪ። ጠዋትና ማታ ሁለት ሁለቴ ለኪና ጽፈሽ ያዢ። 180/120 ከገባና ደረት ህመም፣ ትንፋሽ ማጠር ወይ የአፍ መንተባተብ ካለ ግን ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል።
ጨው በቀን ከ5 ግራም በታች፣ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳን አትሞላም። እግር ጉዞውም በጣም ይጠቅማል፣ ግን ከመድሃኒቱ ጋር እንጂ በሱ ፈንታ አይደለም።

ሌላ መላሽ፦ ነርሷ ያለችው ላይ አንድ ልጨምር፣ እናትሽ የህመም ማስታገሻ ይወስዳሉ እንዴ? አባቴ ለወገቡ አይቡፕሮፌን በየቀኑ ሲውጥ ግፊቱ አልወርድ ብሎ ሁለት መድሃኒት ተጨምሮለት ነበር፣ እሱን ሲተወው ነው የወረደለት። ማንም አልጠየቀውም ነበር እኮ!

ጠያቂ፦ ወይኔ! አሁን ጠየቅኳት፣ ለጉልበቷ ዳይክሎፌናክ ሁለት ወር ሙሉ ጠዋት ማታ ስትውጥ ነበር፣ "እሱማ መድሃኒት ነው እንዴ፣ ማስታገሻ ነው" ነው ያለችኝ።

ነርሷ፦ በቃ እሱን ዛሬውኑ ያቁሙት፣ ውሃ ይዞ እግር ያሳብጣል፣ ግፊትም ይጨምራል፣ ኩላሊትም ይጎዳል። ለጉልበቱ እስከዚያ ፓራሲታሞል በልኩ ይሻላል። የሚወስዱትን ኪኒን በሙሉ ከነማሸጊያው በላስቲክ አድርገሽ ለሀኪሙ አሳዪው፣ የኩላሊት ምርመራም እንዲያዝላቸው ጠይቂ። አምሎዲፒኑንም መልሰው ይጀምሩ ወይስ ይቀየር እዛው ይወስንላቸው።

ጠያቂ፦ እግዚአብሄር ይስጥልኝ። ዛሬ ጠዋት እንዳልሽኝ አስቀምጬ ለካኋት፣ 156/94 ከዛ 154/92። ነገ ጠዋት ይዣት እሄዳለሁ።