የእጅ አንጓዬ ከተመታ 5 ሳምንት ሆነኝ፤ ኦፕራሲዮን ይቆይ ወይስ ልግባ?

የገንደ ቆሬው ባጃጅ፦
ድሬ ነው ያለሁት። ከ5 ሳምንት በፊት ከሳቢያን ወደ ከዚራ ስመጣ ባጃጄ ተገለበጠች። ቀኝ መዳፌን ዘርግቼ አስፋልት ላይ አረፍኩ። እጄ ወዲያው ዳቦ አከለ። ራጅ አንስተው "ስብራት የለም፣ ወለምታ ነው" አሉኝና ማስታገሻ ይዤ ወጣሁ። ከዚያ እማዬ ወጌሻ ጋ ወሰደችኝ። ሁለቴ አሸኝ። በሁለተኛው ጮኼ ጎረቤት ሰበሰብኩ።

እብጠቱ ጎድሏል። ግን አውራ ጣቴ፣ ጠቋሚዬና የመሀሉ ይደነዝዛሉ፤ ሌሊት ሌሊት ይብሳል። የነዳጁን እጀታ መጠምዘዝ አቃተኝ። ትናንት ሌላ ሐኪም ያንኑ ራጅ አይቶ "አጥንቱ ወልቋል፣ ኦፕራሲዮን" አለኝ። አቦ፣ ስብራት ከሌለ ምኑ ነው የሚቀደደው? 5 ሳምንት ከቆየ ወዲያ፣ የባጃጇን ዕዳ እስክጨርስ ሁለት ወር ብጨምርስ?

የመኪና ግርግሩ ልብስ ሰፊ፦
ወንድሜ፣ "ስብራት የለም" የሚለው እኔንም ሸውዶኛል። ሐረር ነኝ። ለአረፋ ግድግዳ ስቀባ ከመሰላል ወደቅሁ፤ መቀስ የምይዝበት እጄ ነው። እኔም ወጌሻ ጋ ሄጃለሁ፣ እማዬን እንዳትቆጣ። ግን ማሸቱ ይቁም።

ሐኪሙ ያሳየኝን ልንገርህ። አንጓ ውስጥ 8 ትንንሽ አጥንቶች አሉ። ከመሀላቸው ግማሽ ጨረቃ የሚመስለው ሉኔት ይባላል። ከፊት በተነሳ ራጅ ብዙም አይታወቅበትም። ጉዱ የሚወጣው ከጎን ሲነሳ ነው። የኔው እንደተደፋ ስኒ ወደ መዳፌ ዞሮ ተንጋዷል። ሐኪሙ በእስክሪብቶ ከበበልኝ። ነርቩ ደግሞ እዚያው ፊት ለፊቱ ነው የሚያልፈው፤ አጥንቱ ሲጫነው እነዚያ ሦስት ጣቶች ይደነዝዛሉ።

እኔ በ9ኛው ቀን ገባሁ። አጥንቱን መለሱ፣ ነርቩን ካፈነው ነገር አላቀቁ፣ የተበጠሰውን ጅማት ሰፉ። "ልብስ ሰፊውን ሰፉት" ብሎ ሰፈሩ ሳቀብኝ። እንዳይንሸራተት ቀጫጭን ሽቦ ገብቶበት ጀሶ ታሰረ። ሽቦው የወጣው በ8 ሳምንቱ ነው። ከዚያ ፊዚዮቴራፒ፣ ከኦፕራሲዮኑ የባሰ እሱ ነው። መርፌ ላይ ክር ለማስገባት 6 ወር ፈጀብኝ። ዛሬም አንጓዬ እንደ ድሮው ወደ ኋላ አይታጠፍም። ግን እሰፋለሁ።

የአጥንት ሬዚደንት (ስፔሻሊቲ በመማር ላይ ያለ ሐኪም)፦
እጅህን ሳላይ መፍረድ አልችልም። የልብስ ሰፊው ነገር ግን ልክ ነው። ይህ ጉዳት ከአራት ሰው በአንዱ ገደማ መጀመሪያ ላይ ይሳታል።

በዕለቱ ቢታወቅ ኖሮ በማደንዘዣ ተጎትቶ ይመለስና ነርቩ ይተነፍስ ነበር፤ በቀናት ውስጥ ደግሞ ጅማቱ ይጠገናል። ሳምንታት ሲያልፉ ክፍተቱን ጠባሳ ይሞላዋል፣ ጅማቱ ይኮማተራል፣ አጥንቱን መመለስ ከባድ ይሆናል። በ5 ሳምንት ብዙ ጊዜ አሁንም ይሞከራል። ወራት ከጨመርክ ግን የመገጣጠሚያው ልስላሴ ይበላሻል። ያኔ ምርጫው ከአንጓው የመጀመሪያውን ረድፍ 3 አጥንቶች አውጥቶ መጣል ወይም አጥንቶቹን አጣብቆ እንዳይንቀሳቀሱ ማድረግ ይሆናል። ስለዚህ ሁለት ወር ለአንተ ቀላል አይደለም።

ትክክለኛ የጎን ራጅ አስነሳ፣ ከተቻለ ሲቲ ስካን። ስካፎይድ የሚባለው አጥንት አብሮ ተሰብሮ እንደሆነም ጠይቅ። ድንዛዜው እየጨመረ ከሆነ ቀጠሮ አትጠብቅ።

የገንደ ቆሬው ባጃጅ፦
ዛሬ ጠዋት ከጎን ተነሳሁ። ስኒው ተደፍቷል። ስካፎይዱ ደህና ነው አሉኝ። ሰኞ እተኛለሁ። ባጃጇን ለአክስቴ ልጅ ሰጠኋት፤ ገና በመጀመሪያው ቀን ጎማ አፈንድቶ ደወለልኝ።